ቂንጬ በሽታ አይደለም
ለካውንቲያችን ትምህርት ቤቶች ሱፐርኢንቴንደንት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

የልጄን ጉዳይ ያውቁታል። ፋይሉም፣ የላክኋቸው ኢሜይሎችም፣ ጽሕፈት ቤትዎ የሰጠኝ «ተመልክተነዋል» የሚል መልስም በእጅዎ ናቸው፤ ስለዚህ ከሥር መሠረቱ አልተርክልዎትም። በአማርኛ የጻፍኩልዎት ሆን ብዬ ነው። ዛሬ አስተርጓሚ የሚያስፈልግዎት እርስዎ ነዎት፤ የስልክ ማስተርጎሚያው መስመር እንደኛው መሀል ላይ እንዳይቋረጥብዎት እመኛለሁ።

ልጄን የመረመረችውን የስፒች (የንግግር) ቴራፒስት ሪፖርት አራተኛ ገጽ ይግለጡልኝ። «ልጁ ከጉሮሮው ያልተለመደ፣ የሚፈነዳ ድምፅ ያወጣል» ይላል። በምርመራው ቀን የተቀጠረ አስተርጓሚ አልነበረም፤ በአስተርጓሚ ቦታ የተቀመጠችው ከክፍሏ የተጠራችው የአሥራ ሁለት ዓመት እህቱ ናት። ቴራፒስቷ ጠዋት ምን እንደበላ ጠየቀችው፤ ልጄም «ቂንጬ» አለ። በቃ፣ ድምፁ ይኼው ነው። ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እስኪ ጮክ ብላችሁ ቂንጬ በሉ። ቀ እና ጨ ባንድ ቃል! ጠ፣ ጸ እና ጰ ቢጨመሩበትማ አምቡላንስ ሳይጠሩ አይቀሩም ነበር። እንግሊዝኛ እነዚህ ድምፆች የሉትም፤ የኛ ልጆች ግን አፍ የሚፈቱት በነሱ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ማንኪያን በእንግሊዝኛ «እስፑን»፣ አውራ ጣትን «ታም» ማለቱ በጉድለት ተቆጥሮበታል። ቃል በ«ስ» እና በሌላ ተነባቢ ተደርቦ ሲጀምር አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ «እ» ያስቀድማል፤ ምላስን በጥርስ መሀል አውጥተው የሚሉት ድምፅም በቋንቋችን የለም። ይህ ሁሉ ተደመረ፣ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች መለኪያ ጋር ተነጻጸረ፣ የስድስት ዓመት ልጄም «ከባድ የአነጋገር ችግር» ወጣለት። መስማቱን የመረመረው ኦዲዮሎጂስት ዘንድም ያው ነው። በ1000፣ በ2000 እና በ4000 ኸርዝ፣ በ20 ዴሲቤል፣ በሁለቱም ጆሮው ሰማ። ከዚያ የማያውቃቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት እያሰሙ ድገም አሉት፤ ሲያቅተው «የሰማውን የመረዳት ችግር ይጠረጠራል» ተብሎ ተጻፈ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ምርመራውን የጠየቅኩት ራሴ ነኝ፤ ልጄ ይንተባተባልና። አማርኛ ሲያወራ፣ በተለይ ሲቸኩል፣ የቃሉ መጀመሪያ ይይዘውና ዓይኑን ጨፍኖ ይታገላል። ይህ በሪፖርቱ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ሥዕል እያሳዩ ነጠላ ቃል ሲያስጠሩት በየት በኩል ይታይ? በቋንቋው ወግ ያስጀመረው ሰው የለም። የሌለበትን ለጠፋችሁበት፤ ያለበትን አለፋችሁት።

ስለ ሪፖርቱ በተነጋገርንበት ስብሰባ ላይ ቴራፒስቷን ስለ አማርኛ ምን ስልጠና እንደወሰደች በትሕትና ጠየቅኳት። ደግ ልጅ ናት፣ አልዋሸችኝም። «የሙያ ማሻሻያ ሰዓቴን አሟልቻለሁ» አለችኝ። አልጠራጠርም። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር የምስክር ወረቀቱን የያዘ ባለሙያ በየሦስት ዓመቱ 30 ሰዓት እንዲሠለጥን ያዛል፤ በ2023 ደግሞ ከዚያው ውስጥ 2 ሰዓት ለባህል ጉዳይ እንዲውል ተደነገገ። ሁለቱን ሰዓት ኮምፒውተሯ ላይ ተከታትላቸዋለች፤ ምሳሌው ሁሉ ግን የስፓኒሽ ነበር። ታዲያ በማን ልፍረድ? ምን እንደተማረች ሳይጠይቅ ሰዓቷን ቆጥሮ በሚያልፈው በእርስዎ ቢሮ ነው እንጂ። የአማርኛ ድምፆች ዝርዝር ግማሽ ገጽ አይሞላም። ክፍሎቻችሁን የሞሉት የሐበሻ ልጆች ለግማሽ ገጽ አልበቁም?

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ምርመራው በልጁ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ይላል፤ የሚታለፈው በግልጽ የማይቻል ሲሆን ብቻ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ አማርኛ ተናጋሪ ጠፋ የሚል ባለሥልጣን ካለ መኪናውን ያቆመበትን የፓርኪንግ ሠራተኛ ይጠይቅ። ነገሩም አዲስ አይደለም። በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በዲያና ስም በሚታወቀው ክስ፣ በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዘገምተኛ የተባሉ ዘጠኝ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ግዛቱ ልጆችን በቋንቋቸው ለመፈተን ተስማምቷል። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን ዛሬም «ባለሙያዎቻችን ወቅታዊ ስልጠና አላቸው» ይለኛል። አልሸሹም ዞር አሉ!

እንግዲህ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያ ሪፖርት ከፋይሉ ይውጣ። ልጄ የሠለጠነ አስተርጓሚ ባለበት፣ በአማርኛ ሲያወራ ተቀድቶ፣ መንተባተብን በሚያውቅ ሰው እንደገና ይታይ። ይህ የኔ ነው፤ ግን በኔ ልጅ ብቻ ተድበስብሶ እንዲያልቅ አልፈልግም። ባለፉት ሦስት ዓመታት በእንግሊዝኛ ብቻ ተፈትነው ስፒች ቴራፒ የተመደቡ የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች ፋይል ይከለስ። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ በጽሑፍ ይከልከል። ለቴራፒስቶቹና ለኦዲዮሎጂስቶቹ ቋንቋዎቻችንን በሚያውቁ ሰዎች፣ ደመወዝ በሚከፈልበት የሥራ ቀን፣ ስልጠና ይሰጥ። ስፒች ቴራፒስት ለመሆን ማስተርስ፣ ኦዲዮሎጂስት ለመሆን ዶክትሬት ያስፈልጋል፤ ከኛ ልጆች ለሚማሩት ስኮላርሺፕ ይመደብ።

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ሪፖርት አውጡና ፈተናው በምን ቋንቋ እንደተሰጠ እዩ። በውጤቱ ካልተስማማችሁ በመንግሥት ወጪ የውጭ ባለሙያ እንዲመረምረው የመጠየቅ መብት አላችሁ። እኔ ጠይቄያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ መልስዎን በሚቀጥለው የትምህርት ቦርድ ስብሰባ፣ በሕዝብ ፊት እጠብቃለሁ። አስተርጓሚ ካጡ እኛ ይዘን እንመጣለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
የልጁ እናት