ዝምታ ለተለማማጅ አይበጅም

«ዝም አይነቅዝም» እያልን ልጆቻችንን አሳድገናል። ለሥራ ልምምድ ሲገቡ ግን ይህ ምክር ይጎዳቸዋል። እዚህ ፔታህ ቲክቫ፣ ቂርያት አሪዬ ባለ መሥሪያ ቤት የተሰጠውን ሥራ ጨርሶ እስኪጠራ ዝም ብሎ የሚቀመጥን ተለማማጅ እኛ ጨዋ ብንለውም፣ አለቃው ሥራ የማይወድ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ምከሯቸው፦ ሥራ ሲያልቅ ስልክ አታውጡ፤ «ይህን ጨርሻለሁ፣ ቀጥሎ ምን ላግዝ?» በሉ። ያልገባችሁን ሳትውሉ ሳታድሩ ጠይቁ። በየቀኑ የሠራችሁትን ጻፉ፤ ነገ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ ይጠቅማችኋል።

ትጋት ግን በነፃ መሥራት ማለት አይደለም። የተቀጠረ ሰው «ገና ሙከራ ላይ ነህ» ተብሎ ደመወዙ አይቀርበትም። አሠሪውም የሥራውን ሁኔታ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ሕግ ያዛል። ልጃችሁ በዚህም ላይ በይሉኝታ ዝም አይበል።