ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መፍሰስና ስለ ሻጩ ኃላፊነት

ንግድ ያለ መጓጓዣ እንደማይሆን ለጎንደር ነጋዴ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቆጠራል። የወገራ ገብስና ባቄላ፣ የመተማ ሰሊጥ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ሸቀጥ ሁሉ በጎማ ላይ የሚሄድ ነው። ጭነቱን የሚያጓጉዘው ከባድ መኪና ቢሆንም፣ ነጋዴው ራሱ ከባንክ ወደ መጋዘን፣ ከአዘዞ እስከ ዳባት የሚመላለስባት ትንሽ አውቶሞቢል ግን አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት መሆኗ እየተለመደ መጥቷል። በዚህች አውቶሞቢል ሥር በጧት የሚታየው ቀይ ጠብታ፣ እንደ ቀላል ነገር እየታለፈ፣ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ጉዳይ ሆኗል።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። እንግዲህ በእጅ ያለችው አውቶሞቢል በቀላሉ የማትተካ ሆናለች ማለት ነው። ካምቢዮዋን የገደለ ሰው፣ ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ ሲያፈላልግ የሚያጠፋውን ጊዜና ወጪ የደረሰበት ያውቀዋል።

ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የቆረጡትም በወረራው ዘመን ጣልያኖች ነበሩ። ወረራው ገና ሳያበቃ፣ በ1932 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሀይድራማቲክ የሚባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በኦልድስሞቢል ላይ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። የእግር ፍሪሲዮን ቀረ፤ ሥራውን የተረከበውም ዘይቱ ነው። በእጅ በሚቀየረው ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ጥርሶቹን ከማለስለስ ያለፈ ብዙ ተግባር የለውም። በአውቶማቲኩ ውስጥ ግን የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፍ፣ በግፊቱ ማርሽ የሚያስገባ፣ ሙቀት የሚያበርድና የሚያለሰልስ እርሱው ነው። ስለዚህ ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ በውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸክላዎች ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተቱ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም የማገጃ ጎማዎቹን አድርቆ የባሰ ያስፈስሳል።

ይህን የመሰለው ጉድለት በሜዳ ላይ ለጊዜው ይሸሸጋል። የሰሜን ጎንደር ደጋ ግን አይሸሽግም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ ሲመለሱም ያው ሁሉ ዳገት ነው። በዳገት ላይ አውቶሞቢሏ ስታዘነብል የጎደለው ዘይት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፓምፑ የሚስበው ያጣል፤ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው እምቢ ይላል። ሹፌሩ ያን ጊዜ ቤንዚኑን ይወቅሳል!

ወደ ሱቁ እንመለስ። ደንበኛው «የካምቢዮ ዘይት» ይላል፤ ሻጩም ከመደርደሪያው ቀይ ፈሳሽ ያለበትን ጠርሙስ ያወርዳል። የትኛው አውቶሞቢል እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ቀይነት ማቅለሚያ እንጂ ጥራት አይደለም። ቶዮታ እንኳ በአንድ ስም ሥር ብዙ ዓይነት አለው፤ የቆዩት ዴክስሮን፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ቲ-ፎር፣ አዲሶቹ ደግሞ ደብልዩ ኤስ የሚባለውን ይፈልጋሉ። ከቪትዝ አውቶሞቢሎችም ብዙዎቹ ሲቪቲ የሚባል፣ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ አላቸው፤ ለእርሱ የራሱ ዘይት ካልሆነ በቀር ሌላው ይጎዳዋል።

ከዚህ የሚከፋው «መፍሰስን ያቆማል» ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው ነው። የደረቀ ጎማን አሳብጦ ጠብታውን ለጥቂት ጊዜ የሚገታ እንደሚኖር አይካድም። የተቀደደ ጋስኬትን፣ የተሰነጠቀ ቱቦን ግን አይጠግንም፤ ደኅናውንም ጎማ ከልክ በላይ ያለሰልሳል። አውቶሞቢል ለመሸጥ የተዘጋጀ ሰው ይህን መድኃኒት ቢወድድ አያስደንቅም።

ትክክለኛው አሠራር ከመሙላት በፊት መፈለግ ነው። የካምቢዮው አካል በደንብ ይታጠብና ይደርቅ፤ ጥቂት ተነድቶ ይቁም፤ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ይዘርጋ። ዘይት ወደ ታችና በነፋስ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ምንጩ ከእርጥበቱ ሁሉ የላይኛውና የፊተኛው ነው። ቀይ ሁሉ የካምቢዮ ነው ማለትም አይቻልም፤ በአንዳንድ አውቶሞቢል የመሪው ዘይትም ቀይ ነው። በሞተርና በካምቢዮ መጋጠሚያ ላይ የሚታየው ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ ደግሞ የሞተሩ ሊሆን ይችላል፤ ቀይ ከሆነ የፊተኛው ኦይል ሲል ተበላሽቷል፤ ይህ ካምቢዮ ማውረድን ስለሚጠይቅ ውድ ሥራ ነው። ርካሾቹ የሥሩ ሳህን ጋስኬት፣ የማፍሰሻው ብሎን፣ የጎማ አክሶቹ ኦይል ሲልና ወደ ራዲያተር የሚሄዱት የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ናቸው። በራዲያተሩ ውስጥ ዘይትና ውኃ ከተቀላቀሉ መሬት ላይ ምንም አይታይም፤ ዘይቱ ግን እንደ ወተት ደፍርሶ ሮዝ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ መንዳት ማቆም ይገባል።

የሳህኑን ብሎኖች አንዳንድ ሠራተኛ በጉልበቱ ሙሉ ያጠብቃቸዋል። የጎማ ብሎን በብዙ ትናንሽ አውቶሞቢሎች 100 ኒውተን ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ የሳህኑ ግን በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ የሳህኑን ከንፈር ያጣምማል፤ አዲሱም ጋስኬት ያፈስሳል፤ ጥፋቱም በሻጩ ዕቃ ላይ ይሳበባል። አብዝቶ መሙላትም እንደዚሁ ያስፈስሳል፤ ዘይቱ አረፋ ሠርቶ በመተንፈሻው ይወጣልና። መለኪያ ዘንግ ያላቸው በብዙዎቹ ዘንድ የሚለኩት ሜዳ ላይ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ በየቦታው ታልፎ ከተመለሰ በኋላ ነው። አንዳንድ ሆንዳዎች ግን ሞተሩ ጠፍቶ ይለካሉ፤ ዘንግ የሌላቸውም አዳዲሶች አሉ፤ የፋብሪካውን መመሪያ ማየት ይሻላል።

አስመጪው «ለስንቱ ሞዴል ኦይል ሲል ላከማች? ካፒታሌ ይታሰራል» ቢል ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ኦይል ሲልና ጋስኬት ቀላል ዕቃ ናቸው፤ አንድ ሣጥን ብዙ ይይዛል፤ በከተማው የሚበዙትን ሞዴሎች ከጋራዦች ጠይቆ መመዝገብም የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ቸርቻሪው ደግሞ የዘይቱን ዓይነትና የአውቶሞቢሉን ሞዴል በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ፣ ያልተከፈተ ጠርሙስም በስንት ቀን ውስጥ ሊመለስ እንደሚችል ከሥሩ ቢያክል፣ ከመካኒኩና ከባለ አውቶሞቢሉ ጋር የሚነሣው ክርክር በዚያው ወረቀት ያልቃል። ይህን ለመጀመር ደግሞ የደረሰኝ ጥራዝና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል።