«ዘጠና በመቶ ደርሷል»

«ስንት ቀን ይፈጃል?» «ሦስት ሳምንት።» «ኧረ በናትህ! በአንድ ሳምንት ጨርሰው።» «እሺ።»

ይቺን «እሺ» ነው የምጠላት። አለቃው ያውቃል፣ ሠራተኛው ያውቃል፣ ጠረጴዛውን ከበን የተቀመጥነውም እናውቃለን፤ ሥራው የሦስት ሳምንት ነው። ማንን ነው የምናታልለው? ሥራ የበዓል ዶሮ ነው እንዴ በክርክር የሚወርደው?

በየቢሮው «ይዘገያል» ያለ ሰው ሰነፍ ነው፣ ጨለምተኛ ነው። «ይደርሳል፣ አታስብ» ባዩ ግን ጀግና! እኔ ግን ያከሰረን ይሄ ጀግና ነው እላለሁ። ሐሙስ «ዘጠና በመቶ ደርሷል» ይላል። ያለፈው ሐሙስም ዘጠና ነበር። ዓርብ ስልኩ አይነሳም። ደንበኛው አዳራሽ ተከራይቶ፣ ጥሪ በትኖ ሲደውል «ሲስተም የለም» ይባላል። ለነገሩ እውነት ነው፤ ሲስተሙ መቼ ተሠራና!

ቀድሞ ቢነገር ከሥራው የሚቀነሰው ይቀነስ ነበር። በመጨረሻዋ ሳምንት ሲታወቅ ግን አለቃ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነው፦ ሰው ጨምሩ! በአይቢኤም ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ ይህ የዘገየውን ይብሱን እንደሚያዘገይ የጻፈው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። አዲሱን ሰው የሚያስተምረው ያው ሥራ የበዛበት ነዋ!

የውጭ ምሳሌ ምን አስኬደኝ? ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል ተባለ። ከዚያ በመቶኛ ስንመገብ ኖርን። በመቶኛው ላይ እያጨበጨብን 2010 ዓ.ም. ነሐሴ ደረሰ፤ አንድም ተርባይን አላመነጨም። ያን ጊዜ ነው ጠቅላይ ሚኒስትሩ መዘግየቱን በአደባባይ የተናገሩት፤ የብረታ ብረትና ተርባይኑ ሥራም ከመንግሥታዊው ኮርፖሬሽን ከሜቴክ ተነጠቀ። አገር ፈረሰ? የካቲት 2014 የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመረቀ። ሥራውን ያቆመው «ዘግይቷል» መባሉ ነበር ወይስ አለመባሉ?

አንተም በልብህ ይህንኑ ትላለህ። ስብሰባ ላይ ግን አንገትህን ትደፋለህ። አልፈርድብህም፤ የተናገረው ምን እንደሚደርስበት አይተሃል። ጥፋቱ ማን ላይ እንደሆነ ግን አንሸፋፍን። ጌታው አለቃ፣ ዓርብ ማታ ጠረጴዛ እየደበደቡ «ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» ይላሉ። ሠራተኛዋ ነግራዎታለች እኮ! ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ «አይደርስም» አለች። «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ማሟረት!» ብለው ያስቀመጧት እርስዎ ነዎት።