የሄማን በቀለ ሳሙና እና የገበሬው ውስጥ እግር

ሲሬ፦ በአዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ያቀናው ታዳጊ ሄማን በቀለ፣ የቆዳ ካንሰርን ለማከም ያለመ ሳሙና በመንደፍ እ.ኤ.አ. በ2023 የ“ስሪ ኤም” የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸናፊ ሆኖ 25 ሺህ ዶላር ተሸልሟል። በ2024 ደግሞ “ታይም” መጽሔት የዓመቱ ታዳጊ ሲል ሰይሞታል። የሐሳቡ መነሻ በልጅነቱ በኢትዮጵያ ያያቸው፣ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሐሩር የሚሠሩ የጉልበት ሠራተኞች እንደነበሩ ታዳጊው ተናግሯል።

ዜናው ብዙዎችን አኩርቷል። ሆኖም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ “የካንሰር መድኃኒት ተገኘ” ወደሚል ድምዳሜ መሻገሩ አልቀረም። በመሆኑም ሥራው ምን እንደያዘ፣ በእርሻ ለሚተዳደረው የወለጋ ሕዝብስ ምን ትርጉም እንዳለው መመርመር ተገቢ ነው።

የሳሙናው መሠረት ኢሚኩዊሞድ የተባለ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ካንሰሩን በቀጥታ አይገድልም፤ በቆዳ ውስጥ ያሉ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳትን በመቀስቀስ በሽታውን እንዲዋጉ ያደርጋል። በቅባት መልክ ቀድሞም የነበረ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 የፈቀደው ከላይኛው የቆዳ ክፍል ላልወጣ፣ ባዛል ሴል ለተባለ የቆዳ ካንሰር ነው። የሄማን አዲስ ሐሳብ ይህንኑ በርካሽ ሳሙና ማድረስ ነው። ታዳጊው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከሜላኖማ ተመራማሪው ቪቶ ርብቃ ጋር በአይጦች ላይ የሚደረግ ምርምር ጀምሯል። ከአይጥ ወደ ሰው የሚደረገው ሽግግር ግን ዓመታትን ይጠይቃል።

ከቆዳ ካንሰሮች ሁሉ በገዳይነቱ የሚፈራው ሜላኖማ ሌላ መንገድ ተከፍቶለታል። ካንሰር የሰውነትን ተከላካይ ሕዋሳት “ፍሬን” ይዞ ከጥቃት ያመልጣል። ይህን ፍሬን የሚያላቅቅ ሕክምና እንዲገኝ መሠረት የጣሉት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የመጀመሪያው መድኃኒት ኢፒሊሙማብ በ2011 ተፈቀደ፤ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 ተከተሉ። በ2024 ይፋ የሆነ የረጅም ጊዜ ጥናት እንዳሳየው፣ ሜላኖማው ከተሠራጨባቸውና ኢፒሊሙማብንና ኒቮሉማብን በጥምረት ከወሰዱት መካከል ከ100 ሰዎች 43ቱ ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት አይሞላም ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ተስፋ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተካሄዱት በነጮች ላይ ሲሆን፣ የእነርሱ ሜላኖማ በአመዛኙ ከፀሐይ ጨረር ጋር ይያያዛል። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይን በ1981 ገና በ36 ዓመቱ የቀጠፈው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተነሳ ሜላኖማ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ ለአዲሶቹ መድኃኒቶች የሚሰጠው ምላሽም ደካማ መሆኑ ታይቷል። የመድኃኒቶቹ ዋጋ ደግሞ ከአንድ አርሶ አደር አቅም በእጅጉ የራቀ ነው።

እንግዲህ ለእኛ ወሳኙ ጉዳይ ጊዜ ነው። በቆሎ የሚያመርት የሲሬ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የአሜሪካ መጤ ተምች ገና ትንሽ ሳለ ማሳ በመፈተሽ ከተደረሰበት ይለቀማል፤ በቅጠሉ መሃል ከተሸሸገ በኋላ ግን የሚረጨው ኬሚካል አያገኘውም። ሜላኖማም ሳይሠራጭ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። ከተሠራጨ በኋላ ግን 280 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ችግሩ ምልክቱ ከዕለት ተዕለት የእርሻ ጉዳት ጋር መመሳሰሉ ነው። የውስጥ እግር ቁስል ሲታይ እሾህ ወይም ድንጋይ የወጋው ነው ተብሎ ይታለፋል። ሁሉም ጥቁር ነጥብ ካንሰር አይደለም፤ በጥፍር ላይ የሚታይ ጥቁር መስመርም በብዙዎች ዘንድ ጉዳት የሌለው ነው። ነገር ግን አዲስ የወጣና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ምልክት፣ በአንድ ጥፍር ብቻ ታይቶ እየሰፋ ወደ ዙሪያው ቆዳ የሚዘልቅ መስመር፣ እንዲሁም ለሳምንታት የማይድን ወይም የሚደማ ቁስል ለጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

ይህን ለማስተማር አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ20 ዓመት በላይ በየቀበሌው ሲሠሩ ቆይተዋል። በወለጋ ቀይ አፈር በባዶ እግር ከመሄድ ጋር የተያያዘው የእግር ዝሆኔ ስለሚታወቅ፣ እግር መታጠብና ጫማ ማድረግ የትምህርታቸው አካል ሊሆን ይገባል። በዚያው አጋጣሚ ውስጥ እግርን ገልብጦ ማየት ቢጨመር የሚጠይቀው ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ከጤና ኬላ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታሎች ሳይዘገይ የሚያሸጋግር የሪፈራል ሥርዓትና ናሙና የሚመረምር ባለሙያ ነው።

የሄማን ሳሙና ይሳካ እንደሆነ ጊዜ ይፈርደዋል። የቤተ ሙከራውን ውጤት እየጠበቅን ግን እግር የሚታጠብበትን ሰዓት እግር መፈተሻም ማድረግ ዛሬ በእጃችን ያለ ሥራ ነው።