ተሳቢውን ስለ ፈታ ካሚዮን፤ አደጋውና የካሣው ክርክር

ጭነቷ የወረደላት በቅሎ ለመንዳትም ለመግታትም ትቀላለች፤ ልጓሟ ሲሳብ ወዲያው ትቆማለች። ይህን ከልጅነታችን ጀምረን ስናይ ስለ ኖርን፤ ጭነት የሌለው ነገር ሁሉ ለመግታት የሚቀል ይመስለናል። በታላላቆቹ የጭነት ካሚዮኖች ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባዶው ከሙሉው ይልቅ ለመቆም እንቢተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ይህን ጉዳይ ለቤተ ሰብ ገጽ የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወደ አሜሪካ ሄደው ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል በከባድ ካሚዮን ሾፌርነት ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ጥቂቶች አይደሉም። ከነዚህም ካሚዮኑን በብድር ገዝተው፤ በስማቸው አስመዝግበው፤ ለአንድ የማመላለሻ ኩባንያ በኪራይ ውል ሰጥተው፤ ራሳቸው የሚነዱት አሉ። አባት ወይም ባል በመንገድ ሳለ፤ በቤት የቀረው ሰው የሚያውቀው ገቢውንና የሚመለስበትን ቀን ብቻ ነው። አደጋ የደረሰ ዕለት ግን «ካሚዮኑ በዚያች ሰዓት የሚሄደው ለማን ጉዳይ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ የቤቱም ሀብት መዳን ወይም መጥፋት በዚሁ ጥያቄ መልስ ይወሰናል።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው እንናገር። የአሜሪካ ታላቅ የጭነት ካሚዮን ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ሞተሩና የሾፌሩ መቀመጫ ያለበት ጎታች፤ ሁለተኛው ጭነቱን የሚይዘው ተሳቢ ነው። የተሳቢው ፊት የሚያርፈው በጎታቹ ጀርባ ላይ ባለውና «አምስተኛ ጎማ» በሚባለው የብረት መገጣጠሚያ ላይ ነው። ሁለቱ ተጋጥመው ሲጫኑ በታላላቆቹ አውራ ጎዳናዎች ላይ በተለምዶ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 80,000 ፓውንድ፤ ማለት 36,000 ኪሎ ያህል ነው። ሾፌሩ ተሳቢውን ፈትቶ በጎታቹ ብቻ ሲሄድ አሜሪካኖች «ቦብቴይል» ይሉታል፤ ይኸውም ጅራተ አጭር እንደ ማለት ነው። ተሳቢው ባዶ ሆኖ ተያይዞ ሲሄድ ግን ይህ ስም አይሰጠውም፤ ልዩነቱ ኋላ የኢንሹራንስ ነገር ሲነሣ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበለው።

ጎታቹ የተሠራው ከባድ ጭነት እንዲስብና እንዲገታ ነው። ስለዚህ ፍሬኖው ኃይለኛ፤ ባሌስትራውም ጠንካራ ነው። የኋላ ጎማዎቹ መንገዱን አጥብቀው የሚይዙት የተሳቢው ክብደት ሲጫናቸው ነው። ተሳቢው ሲፈታ ክብደቱ ወደ ፊተኛዎቹ ጎማዎች ያመዝናል፤ ሾፌሩ ፍሬኖ በረገጠ ጊዜም ይብሱን ወደ ፊት ያዘነብላል። ያን ጊዜ የኋላ ጎማዎቹ ቀልለው ይነጥራሉ፤ ወይም መዞራቸውን አቁመው ይንሸራተታሉ፤ የካሚዮኑም ጀርባ ወደ ጎን ሊዞር ይችላል። መንገዱ ዝናብ ወይም በረዶ ያለበት ሲሆን አደጋው ይበልጣል። በአሜሪካ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚፈተኑ ሰዎች የሚማሩበት መጽሐፍ፤ ቦብቴይል ሙሉ ጭነት ከጫነው ካሚዮን ይልቅ ለመቆም ረዥም ርቀት እንደሚፈልግ በሙከራ መታወቁን ይነግራቸዋል።

መንግሥቱም ይህን አይቶ ዝም አላለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከመጋቢት 1997 ጀምሮ የሚሠራው ጎታች ሁሉ ጎማው በፍሬኖ ጊዜ ተይዞ እንዳይቀር የሚጠብቅ መሣሪያ እንዲኖረው ታዘዘ። በ2009 የወጣው ደንብ ደግሞ፤ የተለመደው ዓይነት ጎታች ጭኖ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ የሚቆምበትን ርቀት ከ108 ሜትር ወደ 76 ሜትር አሳጠረው። ከ2017 ጀምሮም አዲሶቹ ጎታቾች መንሸራተትንና መገልበጥን የሚከላከል መሣሪያ መያዝ ጀመሩ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ሾፌሩን ይረዱታል እንጂ የጎደለውን ክብደት አይመልሱለትም።

ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው ከሌሎች መንገደኞች ነው። በትንሽ አውቶሞቢል የሚሄድ ሰው፤ ያለ ተሳቢ የሚመጣውን ጎታች ሲያይ አጭርነቱን አይቶ እንደ ራሱ መኪና በቶሎ የሚቆም ይመስለዋል፤ ስለዚህም በፊቱ ጥልቅ ብሎ ይገባል። ጎታቹ ግን ብቻውን ሆኖም ሰባት ወይም ስምንት ሺሕ ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ ሾፌሩ ተሳቢውን በፈታ ጊዜ ፍጥነቱን መቀነስ፤ ከፊቱ ካለው መኪና ራቅ ብሎ መከተል፤ ፍሬኖውንም በዝግታ መርገጥ ይገባዋል። በአውቶሞቢል የሚሄዱትም ቤተ ሰቦች በፊቱ በድንገት ከመግባት ይጠንቀቁ።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በሀገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፤ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ስላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። በአሜሪካ ግን ተጎጂው ባብዛኛው የሾፌሩን ወይም የኩባንያውን ቸልተኝነት ማስረዳት አለበት፤ ለምሳሌ ፍጥነት መብዛቱን፤ ፍሬኖው አለመጠገኑን፤ ሾፌሩ ደክሞ ሲነዳ መገኘቱን። ይህ ከተረዳ በኋላ «ከፋዩ ማን ነው?» ወደሚለው ይታለፋል።

በኪራይ ለኩባንያ ስለሚሰጥ ካሚዮን የፌዴራሉ ደንብ፤ ውሉ እስኪያበቃ ድረስ ካሚዮኑ በኩባንያው ይዞታና ትእዛዝ ሥር ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። ለዚህ መሠረት የሆኑትን ደንቦች የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1953 አጽድቋቸዋል። ከዚህም በላይ ደንቡ፤ የቦብቴይልን ኢንሹራንስ የሚገባው ማን እንደ ሆነ በኪራዩ ውል ውስጥ እንዲጻፍ በግልጽ ያስገድዳል። ከግዛት ወደ ግዛት ተራ ጭነት በክፍያ የሚያመላልስ ኩባንያ ቢያንስ የ750,000 ዶላር ዋስትና እንዲኖረው በ1980 በወጣው ሕግ መነሻነት ተወስኗል። ይህ ዋስትና ግን ካሚዮኑ ለኩባንያው ሥራ ሲሄድ የሚያገለግል ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይከራከሩበታል።

ነገሩ እንዲገባን ሦስት ጉዞዎችን እንመልከት። አንድ ሾፌር ተሳቢውን በመጋዘን አራግፎ፤ በኩባንያው ትእዛዝ ሌላ ተሳቢ ለማምጣት ሲሄድ ቢጋጭ፤ ተሳቢ ባይኖረውም በኩባንያው ሥራ ላይ ነው። ያው ሾፌር በዕረፍት ቀኑ ለቤቱ አስቤዛ ለመግዛት በጎታቹ ገበያ ቢሄድ፤ ጉዞው የግሉ ነው። ከሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛው ጉዞ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፤ ወይም ነገ ለሚጭነው ዕቃ ዛሬ ማታ ሲቃረብ ማለት ነው። በዚህ ላይ የየግዛቱ ዳኞች ፍርድ አንድ ዓይነት አይደለም። የፌዴራሉ የካሚዮን መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው መመሪያ፤ ሌላ ጭነት ለማምጣት በቦብቴይል መሄድ የግል ጉዞ እንደማይባል ገልጿል። መመሪያው የወጣው ለሥራ ሰዓት መዝገብ ቢሆንም፤ ሾፌሩ በመዝገቡ ላይ «የግል ጉዞ» ብሎ የጻፈው አንድ ቃል በክርክሩ ጊዜ ማስረጃ ሆኖ ሊመጣበት ይችላል።

የቤተ ሰብን ሀብት የሚያጠፋው በሁለቱ ኢንሹራንሶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ባለካሚዮኑ በራሱ የሚገባው ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ለግል ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ነው። «የቦብቴይል ኢንሹራንስ» የሚባል ሌላም አለ፤ ስማቸው እየተቀላቀለ ሲሸጥ ገዥው አንዱን የገዛ መስሎት ሌላውን ይዞ ይገኛል። ባዶም ቢሆን ተሳቢ ከተያያዘ አንከፍልም የሚል ቃል ያለበትም ውል አለ። እንግዲህ የኩባንያው ኢንሹራንስ «በግል ጉዳዩ ነበር» ሲል፤ የሾፌሩ ኢንሹራንስ ደግሞ «በኩባንያው ሥራ ላይ ነበር» ሲል፤ ተጎጂው በሁለቱ መካከል ይንገላታል፤ ሾፌሩም በገዛ ጥሪቱ ይከሰሳል። ደግሞም እነዚህ ኢንሹራንሶች የሚከፍሉት ሌላ ሰው ለተጎዳበት ነው እንጂ ለሾፌሩ ለራሱ ሕክምና ወይም ለተሰበረው ካሚዮኑ አይደለም፤ ለነዚህ ለየብቻ ዋስትና መግባት ያስፈልጋል። በራሱ ካሚዮን የሚሠራ ሰው እንደ ተቀጣሪ ሠራተኛ ስለማይቆጠር፤ የሠራተኞች የጉዳት ካሣ ብዙ ጊዜ አያገኘውም።

አደጋ ከደረሰ በኋላ «ሳይደርቅ በርጥቡ፤ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ኩባንያው የሾፌሩን የሥራ ሰዓት መዝገብ እንዲያስቀምጥ የሚገደደው ለስድስት ወር ብቻ ነው። ፍጥነትንና የፍሬኖን አረጋገጥ የሚመዘግበው የሞተሩ መሣሪያም ካሚዮኑ ተጠግኖ ወደ ሥራ ሲመለስ ያለፈው ሊጠፋበት ይችላል። ስለዚህ ተጎጂው ፈጥኖ በጠበቃ በኩል ማስረጃው እንዳይጠፋ የሚያሳስብ ደብዳቤ መላክ አለበት። ጉዳቱ በሐኪም ተመርምሮ ሳይታወቅ፤ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት መፈረም አይገባም።

የክሱ ጊዜም እንደ ግዛቱ ይለያያል። አካሉ የተጎዳ ሰው በቴክሳስ፤ በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ በሁለት ዓመት፤ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ከተማ በሦስት ዓመት፤ በቴኔሲ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ በተለምዶ መብቱ ይቀራል። ስለ ሞተ ሰው የሚቀርበው ክስ ሌላ የጊዜ ገደብ ሊኖረው ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያ፤ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ደግሞ አንድ ጥብቅ የቆየ ሥርዐት አላቸው፤ ባለአውቶሞቢሉ ተጎጂ ለአደጋው ምክንያት በመሆን ጥቂት ጥፋት እንኳ ቢገኝበት ካሣው ሙሉ በሙሉ ሊከለከል ይችላል። በፊቱ ጥልቅ ብሎ ስለ መግባት ከላይ የተናገርነው እንግዲህ ነፍስን ብቻ ሳይሆን መብትንም የሚያሳጣ ነው።

ስለዚህ ሾፌር ያለበት ቤተ ሰብ ሁሉ ሦስት ወረቀት በቤቱ እንዲያስቀምጥ እንመክራለን፤ እነሱም የኪራዩ ውል ግልባጭ፤ የኩባንያው ኢንሹራንስ ማስረጃና ባለካሚዮኑ በራሱ የገባው የኢንሹራንስ ውል ናቸው። ካሚዮኑ ቆሞ፤ ባለቤቱም በሰላም በማዕድ ተቀምጦ ሳለ፤ ሚስት ወይም የተማረ ልጅ እነዚህን ከሱ ጋር ያንብባቸው፤ «ተሳቢውን ፈትተህ ወደ ቤት ስትመለስ ዋስትናህ ማን ነው?» ብለውም ይጠይቁት። ከውሉ መልስ ካልተገኘ፤ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ኩባንያውንና የኢንሹራንሱን ሰው ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ዛሬ የአንድ ምሽት ንባብ የሚፈልገው ነገር፤ ከአደጋው በኋላ በፍርድ ቤት ብዙ ዓመት ይፈጃልና።