አልፈታም ስላለ የፒያኖ ብሎን

አሮጌ ፒያኖ ሲታደስ ትዕግሥትን የሚፈትነው በእንጨቱ ውስጥ ዝጎ የቀረው ብሎን ነው። ብዙዎች ወዲያው ዘይት ያፈሱበታል፤ እኛ ግን ይህን አንወድም። ከ200 የሚበልጡት አውታሮች በድምሩ ከ15 እስከ 20 ቶን በሚደርስ ኃይል ተወጥረው ሳለ፥ የመቃኛ ችንካሮቻቸው በእንጨት ውስጥ የጸኑት በጥብቀታቸው ብቻ ነውና። ዘይት ወደዚያ ከሰረገ ችንካሮቹ ይንሸራተታሉ፥ ፒያኖውም ቅኝት አይዝም።

የካቻቢቴው አፍ የብሎኑን ቦይ በልክ ይሙላ፤ አስቀድሞም ወደ ማጥበቂያው በኩል ጥቂት ይገፋ፥ ዝገቱ ይሰበራልና። እንቢ ቢል የጋለ መበየጃ ብረት በአናቱ ላይ አሳርፉ፤ ብሎኑ በግለት ሰፍቶ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ከእንጨቱ ይላቀቃል። የብረት ማዕቀፉን ብሎኖች ግን አውታሮቹ እንደ ተወጠሩ አትንኩ፤ ማዕቀፉ ሊሰነጠቅ ይችላል።