ዋሽንቱን የሰነጠቀው ማን ነው?

ባለፈው ኅዳር፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ ከአውቶቡስ ተራ ግርግር ብዙም ሳልርቅ፣ ዋሽንት በእቅፉ ይዞ ከሚያዞር አንድ ወጣት ርዝመታቸው የተለያየ አራት ዋሽንቶች ገዛሁ። ወጣቱ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ነፍተው ሲጨርሱ ፌስታል ውስጥ ይክተቱት፤ አየር እንዳያገኘው» ሲል መከረኝ። ምክሩን በታማኝነት ፈጸምሁ። ጥር ላይ ሻጋታ ሸተተኝና አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። በማግስቱ ሁለቱ ከአፋቸው እስከ ወገባቸው ተሰንጥቀው አገኘኋቸው።

ብዙ ሰው በዋሽንት ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ምራቅ ይመስለዋል። ምራቅ ፈጽሞ የለበትም ባይባልም፣ አብዛኛው ግን ማለዳ በመስኮት መስተዋት ላይ ከምናየው ጤዛ የተለየ አይደለም። ከሳንባችን የሚወጣው አየር 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሞቀና በውሃ ትነት የጠገበ ነው። በዚህ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 37 ግራም ትነት ይሸከማል፤ የአዲስ አበባ የኅዳር ማለዳ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ያው አየር ሊሸከም የሚችለው ከ9 ግራም ብዙም አይበልጥም። የቀረው 28 ግራም በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። አንድ ነፊ በደቂቃ 10 ሊትር አየር ያወጣል ብለን ብናሰላ፣ በሰዓት 17 ግራም ገደማ ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ ዋሽንት በአፉ ጠርዝ ላይ የሚነፋ በመሆኑ ከትንፋሹ ብዙው ወደ ውጭ ይበተናል፤ ግድግዳውም እየተነፋ ይሞቃል። ይሁንና አንድ አሥረኛው ብቻ ውስጡ ቢቀር እንኳ ከ30 ጠብታ በላይ ነው።

ሸምበቆም ሆነ ቀርከሃ ከሣር ወገን ናቸው። (በክላርኔትና በሳክስፎን አፍ ላይ የሚታሰረው ቀጭን ምላስ የሚሠራውም ከሸምበቆ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?) ጭረቶቻቸው ሁሉ ወደ ቁመታቸው ይሮጣሉ፤ እንደ ዛፍ እንጨት ጭረቶቹን ወደ ጎን የሚያስተሳስሩ ሕዋሳት የሏቸውም። ስለዚህ እርጥበት ሲጠጡ ወደ ጎን ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ወደ ጎን ይኮማተራሉ፤ ቁመታቸው ግን እምብዛም አይለወጥም። የውጭው ቆዳ ጥቅጥቅ ያለና ሰም የለበሰ በመሆኑ ውሃን ይመልሳል፤ የውስጡ ግን ይመጠዋል። ሁለቱ ፊቶች እኩል መራመድ ሲያቅታቸው በመካከላቸው ውጥረት ይፈጠራል። ውጥረቱም ደካማውን መስመር፣ ማለትም የጣት ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበትን ይፈልጋል። የኔዎቹ የተሰነጠቁት በዚያው መስመር ነበር።

በኔ አስተያየት ጥፋቱ የሻጩ አይደለም። በየቤተ ሙከራችን ሚዛንና ቴርሞሜትር ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ ዋሽንት ከመነፋቱ በፊትና በኋላ መዝኖ ያየ ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ፣ «ርካሽ ነገር ነው፤ ቢሰነጠቅ ሌላ ይገዛል» አለኝ። ለኔና ለእርሱ ርካሽ ሊሆን ይችላል። በሠርግና በክርስትና እየነፋ ለሚያድር ሰው ግን እጁ የለመደውን፣ ከሌሎቹ ጋር ድምፁ የሚስማማውን ማጣት የሰሞኑን ገቢ ማጣት ነው።

እስከዚያው ድረስ ማንም ሊያደርገው የሚችለው ይህ ነው። ከመንፋት በፊት ዋሽንቱን ከልብስ ሥር ይዞ ማሞቅ፤ አዲስ ከሆነ በቀን ከሩብ ሰዓት አለማሳለፍ። ሲጨርሱ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በክር አስሮ በውስጡ መጎተት፣ ከዚያም አየር በሚያገኝበት ጥላ ማስቀመጥ። ውስጡን ስስ አድርጎ የተልባ ዘይት መቀባትና ለቀናት ማድረቅም ውሃ የመምጠጡን ፍጥነት ይቀንሰዋል። መርካቶ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚጣሉትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሰብስቦ ከዋሽንቱ ጋር መዝጋት ብልኃት ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ከልክ በላይ መድረቅም ይሰነጥቃል።

የቀሩኝ ሁለት ዋሽንቶች አሁን ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ጎን በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልለው ይገኛሉ። በየሳምንቱ እመዝናቸዋለሁ።